የበረዶ ዘመንን ማን አመጣው? የምሕዋር፣ የበረዶና የካርቦን ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ2027 የሚካሄደውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32ን፣ አዲስ አበባ እንድታስተናግድ ከተወሰነ ወዲህ ስለ አየር ንብረት የሚደረገው ክርክር ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ ታክሲና ሻይ ቤት ገብቷል። በከተማዋ ዳርቻ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ በኩል፣ ኅዳር ላይ ውርጭ ማሳውን ሲያነጣው ደግሞ ሁለት ጥያቄዎች ይደጋገማሉ። አንደኛው «እኛ በብርድ እየተንቀጠቀጥን የምን ሙቀት ነው የሚያወሩት?» የሚል ነው። ሁለተኛው ጠንከር ይላል፦ «ምድር ድሮም በረዶ ስትለብስና ስትገፍ ኖራለች፤ ያኔ ፋብሪካም መኪናም አልነበረም፤ ታዲያ ዛሬ ጥፋቱ ለምን በካርቦን ይላከካል?»

የመጀመሪያው በአጭሩ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን የሳይንሱ መነሻ ራሱ ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1896 ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምድርን ሙቀት ምን ያህል እንደሚለውጥ በእጁ ያሰላው ስለ ፋብሪካ ጭስ ተጨንቆ አልነበረም፤ የበረዶ ዘመን እንዴት ሊመጣ ቻለ የሚለውን ለመመለስ ነበር። ስለዚህ «ድሮም ይለዋወጥ ነበር» የሚለው ሐሳብ የካርቦንን ሳይንስ የሚያፈርስ አይደለም፤ ሳይንሱ የተወለደው ከእሱ ነው።

ውርጩ ሌላ፣ የበረዶ ዘመኑ ሌላ

የሱሉልታ ሜዳ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት፣ አየሩም ደረቅ ይላል። ደመናና የውሃ ተን ሲሳሱ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት በማይታይ ጨረር መልክ ያለ ከልካይ ወደ ሕዋ ይለቀዋል። የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ከእንጦጦና ከዙሪያው ተዳፋት እየወረደ ሜዳው ላይ ይተኛል። ውርጭ ዳገት ላይ ካለው ማሳ ይልቅ ረባዳው ላይ ያለውን ባቄላና ድንች ቀድሞ የሚመታው ለዚህ ነው። የጥቂት ሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ያበቃል። የዓለም አማካይ ሙቀት ወዴት እንደሚሄድ ከእሱ አይነበብም።

የበረዶ ዘመን፣ በሙያው አጠራር ግላሻል፣ በአሥር ሺዎች ዓመታት የሚለካ ነው። በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ላይ እስከ 3,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው በረዶ የተነጠፈበት ጊዜ ነው። በሁለት ግላሻሎች መካከል ያለው ሞቃት ጊዜ ኢንተርግላሻል ይባላል፤ እኛ ያለነው ከ11,700 ዓመት በፊት በጀመረው ኢንተርግላሻል ውስጥ ነው። የመጨረሻው ግላሻል ከ26 ሺህ እስከ 19 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ጫፍ ላይ ደረሰ። ያኔ ውሃው በረዶ ሆኖ የብስ ላይ ስለተከማቸ የባሕር ጠለል ከዛሬው በ120 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ዝቅ ብሎ ነበር። የዓለም አማካይ ሙቀት ደግሞ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ያንስ ነበር። የሚገርመው የቁጥሩ ማነስ ነው፤ ካናዳን ከሞላ ጎደል በበረዶ የቀበረው ለውጥ በአማካይ ሲታይ 6 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው።

ከበረዶና ከባሕር ጭቃ የሚነበበው

እነዚህ ቁጥሮች በቴርሞሜትር የተለኩ አይደሉም። ዋናዎቹ ምስክሮች ሁለት ናቸው።

አንደኛው ከአንታርክቲካ በመሰርሰሪያ የሚወጣ የበረዶ ዘንግ ነው። በረዶው ውስጥ የታመቁ የአየር አረፋዎች የዚያን ዘመን አየር እንዳለ ይዘውታል። ዶም ሲ ከተባለው ቦታ የወጣው ዘንግ 800 ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በግላሻል ወደ 180፣ በኢንተርግላሻል ወደ 280 ፒፒኤም ሲመላለስ ኖሯል። ፒፒኤም ማለት በአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ውስጥ ስንቱ የዚያ ጋዝ እንደሆነ የሚገልጽ ልኬት ነው። ዛሬ ቁጥሩ ከ420 አልፏል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአውሮፓ ተመራማሪዎች እዚያው አንታርክቲካ 2,800 ሜትር ቆፍረው ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው በረዶ አውጥተዋል።

ሁለተኛው ምስክር የባሕር ወለል ጭቃ ነው። ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ደቂቅ ፍጥረታት ዛጎላቸውን ሲሠሩ ከውሃው ኦክስጅን ይወስዳሉ። ኦክስጅን ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው፤ እነዚህ ዓይነቶች አይሶቶፕ ይባላሉ። ቀላሉ በቶሎ ይተናል። ተኖ በረዶ ሆኖ የብስ ላይ ሲቀር ባሕሩ ከባዱን አብዝቶ ይይዛል፤ ዛጎሉም ይህን ይመዘግባል።

ሁለቱም መዝገቦች አንባቢን የሚያሳስቱበት ቦታ አላቸው። ዛጎሉ የበረዶውን ብዛት ብቻ ሳይሆን የውሃውንም ቅዝቃዜ አብሮ ስለሚመዘግብ ሁለቱን ሳይለዩ «ይህ የበረዶ መጠን ነው» ማለት ስሕተት ነው። የአንታርክቲካው የሙቀት መስመር ደግሞ የአንታርክቲካ እንጂ የዓለም አይደለም። ዋልታዎች ከዓለም አማካይ በእጥፍ ገደማ ስለሚዋዥቁ መስመሩን እንዳለ የምድር ሙቀት አድርጎ ማቅረብ ለውጡን ያጋንነዋል፤ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞሩት ግራፎች አብዛኞቹ ይህን ነው የሚያደርጉት። ከዚህ የባሰው የዕድሜ ጉዳይ ነው። ወድቆ የተከመረ በረዶ አየሩን አፍኖ የሚዘጋው ከ50 እስከ 100 ሜትር ጥልቀት ከተቀበረ በኋላ ነው። በዓመት ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ በሚከመርበት ቦታ አረፋው ከከበበው በረዶ በሺህ ዓመታት ያነሰ ዕድሜ ይኖረዋል። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ለምናየው «ማን ቀደመ» ለሚለው ሙግት ቁልፍ ነው።

ሦስቱ የምሕዋር ለውጦች

ግላሻልና ኢንተርግላሻል የሚፈራረቁበትን ጊዜ ከምድር ጉዞ ጋር ያያያዘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክሮል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ሒሳቡን አሟልቶ የሠራው ሰርቢያዊው ሚሉቲን ሚላንኮቪች ነው። ሐሳቡ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1976 ሄይስ፣ ኢምብሪና ሻክልተን የተባሉ ተመራማሪዎች በባሕር ጭቃ ውስጥ የምሕዋሩን ዑደቶች ለይተው ሲያሳዩ ሚዛኑ ወደ እሱ አጋደለ።

ለውጦቹ ሦስት ናቸው። የምሕዋሩ ሞላላነት በ100 ሺህና በ405 ሺህ ዓመት ገደማ ዑደት ይጨምራል፣ ይቀንሳል። የምድር ዘንግ ዝንባሌ በ41 ሺህ ዓመት ከ22.1 እስከ 24.5 ዲግሪ ባለው መካከል ይመላለሳል፤ ዛሬ 23.4 ነው። ሦስተኛው የዘንጉ ውዝዋዜ ነው፤ እንዝርት ፍጥነቱ ሲቀንስ አናቱ እንደሚዞረው ዘንጉም በዝግታ ይዞራል። በዚህም ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርብበት ቀን ከ19 እስከ 23 ሺህ ዓመት ባለው ዑደት ወቅቶችን ያዳርሳል። ዛሬ የምንቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ገና ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው።

ሚላንኮቪች ትኩረቱን የጣለው በሰሜኑ የበጋ ፀሐይ ላይ ነው (የሰሜኑ በጋ የእኛ ክረምት ያለበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ክረምቱ ደግሞ በእኛ በጋ፣ በታኅሣሥና በጥር ነው)። ምክንያቱ ቀላል ነው። በካናዳ ክረምቱ ምንጊዜም በረዶ ለመጣል በቂ ቅዝቃዜ አለው፤ ወሳኙ ነገር የክረምቱ በረዶ በጋው ላይ ይቀልጣል ወይስ ይተርፋል የሚለው ነው። በ65 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ በሰኔ የሚደርሰው የፀሐይ ኃይል፣ ኢንሶሌሽን የሚባለው፣ በሦስቱ ለውጦች ቅንጅት ምክንያት እስከ 100 ዋት በካሬ ሜትር ይለያያል።

ሒሳቡ የሚጎድለው የት ላይ ነው?

«ምሕዋሩ ነው ያመጣው፤ አለቀ» የሚለው አቋም እዚህ ላይ ይሰናከላል። ያ 100 ዋት በአንድ ኬክሮስ፣ በአንድ ወቅት የሚታይ ነው። ሰሜኑ በበጋ ሲያተርፍ ሌላ ቦታ ወይም ሌላ ወቅት ይከስራል። መላዋ ምድር በዓመት የምትውጠው ኃይል በምሕዋር ለውጥ የሚለያየው ከግማሽ ዋት ባልበለጠ ነው። በዚህ 6 ዲግሪ ማምጣት አይቻልም።

ከዚህም የሚጠነክር ማስረጃ አለ። ከ21 ሺህ ዓመት በፊት፣ የበረዶው ጫፍ ላይ፣ ምሕዋሩ ምን ይመስል ነበር? ሞላላነቱ (ዜሮ ማለት ፍጹም ክብ ነው) 0.019፣ የዘንጉ ዝንባሌ 22.95 ዲግሪ ነበር። ዛሬ 0.0167 እና 23.44 ናቸው። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበውም ያኔም ዛሬም በሰሜኑ ክረምት ነው። በሌላ አነጋገር የዚያን ዘመንና የዛሬው ፀሐይ አንድ ለማለት ጥቂት ነው የቀራቸው፤ አንዱ ግን በረዶ፣ ሌላው ሞቃት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ከዚያ በፊት በአሥር ሺዎች ዓመታት የተከማቸው በረዶና የጎደለው ጋዝ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው። ፎርሲንግ ማለት የምድርን የኃይል ገቢና ወጪ ከሚዛን የሚያዛባ ግፊት ሲሆን በዋት በካሬ ሜትር ይለካል። ፊድባክ ማለት ሙቀቱ ሲለወጥ እሱን ተከትሎ መጥቶ መልሶ ለውጡን የሚያጎላ ወይም የሚያዳክም ምላሽ ነው። ነጭ በረዶ ሲሰፋ የፀሐይ ብርሃን ስለሚመልስ ምድርን ይበልጥ ያቀዘቅዛል። ይህ ብርሃን የመመለስ ችሎታ አልቤዶ ይባላል።

የመጨረሻው ግላሻል መዝገብ በግምት እንዲህ ይጻፋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ280 ወደ 190 ሲወርድ የሚያመጣው ለውጥ 5.35 ሲባዛ በሁለቱ ቁጥሮች ጥምርታ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ነው፤ ውጤቱ 2.1 ዋት መቀነስ ይሆናል። ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ከግማሽ ዋት ትንሽ የሚበልጥ ይጨምራሉ። የበረዶ ንጣፉና የባሕሩ መሸሽ ከ3 እስከ 4 ዋት ይወስዳሉ። የአቧራ መብዛትና የደን መሳሳት 1 ዋት ገደማ ተብሎ ሊያዝ ይችላል፤ አከራካሪው መስመር ይህ ነው። ድምሩ 7.5 ገደማ ይመጣል። ስድስት ዲግሪን ለ7.5 ስናካፍል በየዋቱ 0.8 ዲግሪ እናገኛለን። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ሲሆን ፎርሲንጉ 3.7 ዋት ነውና ብዜቱ 3 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ሳይንስ ቡድን፣ አይፒሲሲ፣ በሌሎች መንገዶችም አመሳክሮ የሚያቀርበው ማዕከላዊ ግምት ይኸው 3 ዲግሪ ነው።

ይህን ስሌት እንደ ማስረጃ መጨረሻ መያዝ ግን ልክ አይደለም። ቅዝቃዜው 4 ዲግሪ ብቻ ከነበረ ውጤቱ ወደ 2 ይወርዳል፤ 7 ከነበረ ወደ 3.5 ይወጣል። በበረዶ የተሸፈነች ምድር የምትሰጠው ምላሽም ከሞቃቷ ምድር ምላሽ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። የሙቀት ጭማሪው አነስተኛ ነው ብለው የሚከራከሩ ወገኖች በትክክል የሚይዙት ቀዳዳ ይህ ነው። ይሁንና ካርቦንን ከመዝገቡ አውጥቶ ሒሳቡን የሚዘጋ ሰው እስካሁን አልመጣም፤ የደቡቡ ንፍቀ ክበብና የሐሩር ክልል ከሰሜኑ በረዶ ርቀው ሳለ አብረው ለምን እንደቀዘቀዙ ያለ ጋዞቹ ማስረዳት ያስቸግራል።

ቀላሉ ሞዴል በኤክሴል

ሞዴል ሲባል ብዙ ሰው ሱፐር ኮምፒውተር ይታየዋል። የበረዶ ዘመንን ምት የሚያሳይ ሞዴል ግን በተራ ላፕቶፕ፣ በኤክሴል ይሠራል። ኢምብሪ አባትና ልጅ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡት ቀመር መሠረቱ አንድ ነው፦ በረዶ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይቀልጣል። ለማደግ 42,500፣ ለመቅለጥ 10,600 ዓመት የሚደርሱ ሁለት የጊዜ መጠኖች ይዟል።

በመጀመሪያው ዓምድ ጊዜውን ከ500 ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ በ1,000 ዓመት እርከን መጻፍ ነው። በሁለተኛው በ65 ዲግሪ ሰሜን የሐምሌ ኢንሶሌሽን ይገባል፤ ተመራማሪዎቹ በርጀር በ1978፣ ላስካር ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. ያሰሏቸው ሰንጠረዦች ለማንም ክፍት ናቸው። ከእያንዳንዱ ቁጥር አማካዩን ቀንሶ ለስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ቁጥሮቹ ከአማካዩ ለሚርቁበት መጠን፣ ማካፈል ያስፈልጋል። በሦስተኛው ዓምድ የዚህን ቁጥር ምልክት መገልበጥ፤ ፀሐይ ሲበረታ በረዶው ወደ ታች መሳብ አለበትና። በአራተኛው የበረዶው መጠን ከዜሮ ይጀምርና በየረድፉ ወደ ሦስተኛው ዓምድ ቁጥር እንዲጠጋ ይደረጋል።

አንድ ረድፍ ቀረብ ብለን እንይ። በረዶው 0.5 ላይ ነው እንበል። ፀሐዩ ከአማካይ በ1.2 በርትቷል፤ ስለዚህ መድረሻው 1.2 ከዜሮ በታች ነው። ልዩነቱ 1.7 ነው። መቅለጥ ስለሆነ 1,000 ለ10,600 ተካፍሎ 0.094 ይመጣል፤ ለውጡ 0.16 ይሆንና በረዶው ወደ 0.34 ይወርዳል። ፀሐዩ በተቃራኒው በ1.2 ቢደክም መድረሻው 1.2 ከዜሮ በላይ፣ ልዩነቱ 0.7 ነው። ማደግ ስለሆነ 1,000 ለ42,500 ተካፍሎ 0.0235፣ ለውጡም 0.016 ብቻ ይሆናል። አንዱ ሺህ ዓመት የናደውን ለመመለስ ዘጠኝ፣ አሥር ሺህ ዓመት ገደማ ይጠይቃል። የባሕር ጭቃው የሚያሳየው የመጋዝ ጥርስ ቅርጽ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣና በድንገት የሚወድቅ፣ ከዚህ አንድ ልዩነት ይወለዳል።

ሲሠራ የሚበላሸውም የታወቀ ነው። ሰንጠረዦቹ አብዛኛውን ጊዜ «ከዛሬ በፊት» ተብለው ከዜሮ ወደ ኋላ ስለሚቆጥሩ ሳይገለብጡ የሚያሰላ ሰው ጊዜን ወደ ኋላ ያስኬዳል፤ መጋዙም ጥርሱ ይዞርበታል። መነሻው ዜሮ በግምት የተወሰደ ስለሆነ የመጀመሪያው 100 ሺህ ዓመት ውጤት መጣል አለበት። ከዚያም ትልቁ ወጥመድ ይመጣል። ብዙዎቹ የባሕር ጭቃ መዝገቦች ዕድሜያቸው የተወሰነው ከምሕዋሩ ዑደት ጋር በማስተካከል ነው። በምሕዋር የተስተካከለን መዝገብ ወስዶ «ሞዴሌ ከመዝገቡ ጋር ገጠመ፤ ስለዚህ ምሕዋር ነው» ማለት ራስን በራስ ማስመስከር ነው።

ከዚህ የሚያወጣው ከምሕዋር ነፃ የሆነ ዕድሜ ነው። ለዚህ ኢትዮጵያ ሀብታም ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በአዋሽ ዳር ያለችው መልካ ቁንጡሬ፣ ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በዚያ ያሉት ድንጋይ መሣሪያዎችና የእግር አሻራዎች የተቀበሩት በእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች መካከል ነው። አመዱ ውስጥ ያለው ፖታስየም ወደ አርጎን የሚለወጥበት ፍጥነት ስለሚታወቅ ዕድሜው ያለ ምሕዋር ይሰላል፤ እዚያው ጎምቦሬ በተባለው ቦታ የተገኙት አሻራዎች 700 ሺህ ዓመት የተባሉት በዚህ መንገድ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጨው ባሕር በተባለው የሐይቅ ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 ተቆፍሮ የወጣው ወደ 280 ሜትር የሚጠጋ የሐይቅ ጭቃም 620 ሺህ ዓመት የሚያህል መዝገብ ሲሆን እንዲህ ያለ አመድ ይዟል።

እንጦጦ በዚያ ዘመን

በዓለም አማካይ የሚነገረው ቁጥር እዚህ ምን ማለት እንደነበር ማስላት ይቻላል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የ5 ዲግሪ ቅዝቃዜ እንግዲህ ከ800 ሜትር ከፍታ ጋር እኩል ነው። ያኔ ፒያሳ ያለበት ቦታ የዛሬውን የእንጦጦ ጫፍ፣ እንጦጦ ደግሞ የዛሬውን የባሌ ሳነቲ አምባ ብርድ ይዞ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ወጨጫ ላይ ከመናገሻ ጽድና ዝግባ በላይ፣ ጫፉ አካባቢ የምናየው አስታ የተባለው የብርድ አገር ቁጥቋጦ ወደ ታች ለመውረድ ሰፊ ቦታ ያገኝ ነበር።

ግግር በረዶ ግን እንጦጦ ላይ አይጠበቅም። በባሌ ተራሮች የበረዶ ምላሶች ክምር ድንጋያቸውን ጥለው የሄዱት ከ3,700 ሜትር በላይ ነው፤ እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። የባሌ ምስክርነት ለሞዴል ሠሪዎች ደስ አይልም። እዚያ በረዶው በጣም የተስፋፋው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ሲሆን ይህም ከዓለም አቀፉ ጫፍ ቀድሞ ነው። ቅዝቃዜ ብቻውን ግግር በረዶ አያሳድግም፤ ዝናብም ይፈልጋል። በጫፉ ላይ ደጋው ደርቆ ነበር፤ ጣና እንኳ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቋል።

የዚህ አገር ዝናብ ከበረዶ ንጣፎቹ ይልቅ የዘንጉን ውዝዋዜ ይሰማል። ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው በእኛ ክረምት ነበርና የክረምቱ ፀሐይ ከዛሬው በ8 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር። የብስ ሲሞቅ እርጥብ ነፋስ ተሳበ፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ሆነው ትርፋቸው ወደ አዋሽ ፈሰሰ። የዓለምን አማካይ ሙቀት ብቻ የሚያሰላ ሞዴል ይህን ሁሉ አያይም።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ይጨመር። የድሮ ዕፅዋትን ብናኝ ቆጥሮ «ደኑ ወርዷል፤ ስለዚህ ቅዝቃዜው ይህን ያህል ነበር» ማለት ለሐሩር ተራሮች የተጋነነ ቅዝቃዜ ሊሰጥ ይችላል። አየሩ 190 ፒፒኤም ብቻ ካርቦን ሲይዝ ዛፍ ምግቡ ያንሰዋል፤ ሣር ያሸንፈዋል። ደኑ የወረደው በከፊል በርሃብ እንጂ በብርድ ላይሆን ይችላል።

የ100 ሺህ ዓመቱ እንቆቅልሽ

ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያልተስማሙበት አለ። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ግላሻሎች በየ41 ሺህ ዓመቱ ይመጡ ነበር። ከ1.2 ሚሊዮን እስከ 700 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ግን ዑደቱ ወደ 100 ሺህ ረዘመ፣ በረዶውም ገዘፈ። ምሕዋሩ አልተለወጠም። በ100 ሺህ ዓመት የሚመላለሰው ሞላላነት ደግሞ በፎርሲንግ ከሦስቱ ደካማው ነው።

አንዱ ወገን መልሱን በበረዶው ክብደት ያገኛል። 3,000 ሜትር በረዶ ከሥሩ ያለውን ዐለት የውፍረቱን ሲሶ ያህል፣ ወደ 1,000 ሜትር፣ ይጫነዋል። ዐለቱ የሚሰምጠው ቀስ ብሎ ነው። ንጣፉ ሲገዝፍ ጫፉ ወደ ሞቃት ኬክሮስ ይደርሳል፣ አናቱም ወደ ዝቅተኛና ሞቃት አየር ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ መጠነኛ የበጋ ፀሐይ ይበቃዋል። ሌላው ወገን 100 ሺህ የሚባለው ሁለት ወይም ሦስት የ41 ሺህ ዑደቶች ተጠራቅመው፣ 82 እና 123 ሺህ፣ በአማካይ የሚሰጡት ነው ይላል። ሦስተኛው ለሽግግሩ ራሱ ምክንያት ይፈልጋል፦ የቀደሙት በረዶዎች ለስላሳውን አፈር ጠርገው በጠንካራ ዐለት ላይ ስለተቀመጡ መንሸራተት ቀርቶ መወፈር ጀመሩ፣ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ ወረደ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኮምፒውተር ሞዴል ሽግግሩን ለማስገኘት ሁለቱንም አንድ ላይ ፈልጓል። የዐለት መስመጡ ማብራሪያ መለካት በሚቻል ፊዚክስ ላይ የቆመ በመሆኑ ይበልጥ ያሳምናል፤ ለሽግግሩ ግን ብቻውን አይበቃም።

የኢምብሪው ኤክሴልም እዚህ ላይ ይወድቃል። 405 ሺህ ዓመቱን ዑደት ከመዝገቡ አብልጦ፣ 100 ሺህውን አሳንሶ ያወጣል። ከ400 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ምሕዋሩ ክብ ለመሆን ተቃርቦ ፎርሲንጉ ሲደክም ረጅምና ሞቃት ኢንተርግላሻል ለምን እንደመጣም አይነግረንም።

«ካርቦን ከኋላ ነው የመጣው»

ይህ ሙግት መነሻው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከአንታርክቲካው ቮስቶክ ጣቢያ በወጣ በረዶ ላይ የተደረገ ጥናት ከ240 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በነበረው መሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአንታርክቲካን ሙቀት በ800 ዓመት ገደማ ተከትሎ እንደጨመረ አሳይቷል። በኋላ የአረፋውና የበረዶው ዕድሜ ልዩነት ተስተካክሎ ሲሰላ፣ ቢያንስ ለመጨረሻው መሞቅ፣ ሁለቱ በአብዛኛው አብረው ሄደዋል የሚል ውጤት በ2013 ወጣ። በ2012 ደግሞ ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ መዝገቦች አማካይ ሙቀቱ ካርቦኑን እንደተከተለ አሳይተዋል። ተቃርኖ ይመስላል፤ አይደለም። ምሕዋር የሰሜኑን በረዶ ማቅለጥ ሲጀምር ቅላጩ የአትላንቲክ ውቅያኖስን የውሃ ዝውውር አዳከመ፤ ደቡቡ ሞቀ፤ ጥልቅ ባሕሩ የያዘውን ካርቦን ለቀቀ፤ ያ ካርቦን ቀሪውን ዓለም አሞቀ። ካርቦን በአንታርክቲካ ላይ ተከታይ፣ በዓለም ላይ መሪ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ወደ ዛሬ ለመዝለል አንድ ነገር ማየት ይበቃል፦ ባሕሩ በየትኛው አቅጣጫ ነው የሚሠራው? ያኔ ባሕር ካርቦን ለአየሩ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ሰዎች ከሚለቁት ሩብ ያህሉን ይውጣል፤ ጭማሪው ከባሕር ቢመጣ ኖሮ ባሕሩ መጉደል ነበረበት። ፍጥነቱም አይገናኝም። ከግላሻሉ መውጫ ላይ 75 ፒፒኤም ያህል ለመጨመር ወደ 7,000 ዓመት ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. ከ1960 ወዲህ ብቻ ከ100 ፒፒኤም በላይ ተጨምሯል።

ቀጣዩ በረዶ መቼ ነው?

«ቅዝቃዜው ተራው ደርሶ ይመጣል፤ ሙቀቱን ያካክሰዋል» የሚሉም አሉ። የምሕዋሩ ሒሳብ ይህን አይደግፍም። ሞላላነቱ አሁን ትንሽ ነው፣ ወደፊትም ይቀንሳል፤ ስለዚህ የበጋው ፀሐይ ብዙ አይዋዥቅም። በርጀርና ሉትር እ.ኤ.አ. በ2002 ያለ ሰው ተጽዕኖም ቢሆን ሞቃቱ ዘመን 50 ሺህ ዓመት ሊቀጥል ይችላል ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ሌላ ጥናት የዘንግ ዝንባሌንና የውዝዋዜን ቅደም ተከተል ከመዝገቡ ጋር አዛምዶ፣ የሰው ልጅ ጣልቃ ባይገባ ኖሮ ግላሻል በሚቀጥሉት 11 ሺህ ዓመታት ውስጥ ይጀምር ነበር ይላል። ልዩነታቸው ከሄዱበት መንገድ ነው፤ የመጀመሪያው በሞዴል ያሰላ ሲሆን ሁለተኛው ከመዝገቡ ያነበበ ነው።

ሁለቱም የሚስማሙበት የካርቦኑ መጠን ወሳኝ መሆኑን ነው። ወደ አየር የገባ ካርቦን አብዛኛው በመቶዎች ዓመታት ውስጥ ወደ ባሕር ቢገባም የተወሰነው ክፍል ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ ይቆያል፤ ቀስ ብሎ የሚያወርደው የዐለት መሸርሸር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የእነ ጋኖፖልስኪ ስሌት በሰው ልጅ ሥራ 1,000 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ከተለቀቀ ቀጣዩ ግላሻል ቢያንስ በ100 ሺህ ዓመት ይዘገያል የሚል ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን ወዲህ ከነዳጅና ከደን ምንጠራ በድምሩ የተለቀቀው እስካሁን 700 ቢሊዮን ቶን ገደማ ደርሷል።